የመጨረሻዎቹ 25 ሜትሮች

በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው ገና ሲነሳ ነው፤ ሽንፈቱ የሚታየው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዘሎ ሲገባ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፣ 50 ሜትሩን በጥሩ ሰዓት ይነካል፣ ዞሮ ሲመለስ ክንዱ ይዝላል፣ ወገቡ ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀረችው 25 ሜትር አልገፋ ትላለች። እንደ መቻራ ባለ ከተማ ሆኖ ዋናን በቁም ነገር መጀመር የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ይህንን ይመስለኛል፤ አጭር ርቀትም ጽናት ይፈልጋል፣ ጽናቱም በልምምድ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኤሪክ ሙሳምባኒ የተባለ የኢኳቶሪያል ጊኒ ወጣት 100 ሜትር ዋኝቶ ነበር። ዋና ከጀመረ ገና ወራት ቢሆነው ነው። የተለማመደው በአንድ ሆቴል አጭር ገንዳ ውስጥ ስለነበር ባለ 50 ሜትር ገንዳ ያየው እዚያው ሲድኒ ነው። የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ41 ሰከንድ ገደማ ዋኘ። ሁለተኛው 50 ግን ከ70 ሰከንድ በላይ ፈጀበት፤ በጠቅላላው 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ። መጨረሻው ላይ ሊሰምጥ ነው ተብሎ ተፈርቶለት ነበር። ይኸው ሰው ጥቂት ዓመታት ተለማምዶ ርቀቱን ከ57 ሰከንድ በታች ዋኘ፤ በኋላም የሀገሩ ዋናተኞች አሰልጣኝ ሆነ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ልምምዱ ነው።

የእኛም ዋናተኞች ኦሊምፒክ ላይ የሚታዩት በአጭር ርቀት ነጻ ቀዘፋ ነው። በ2012 ለንደን ሙሉአለም ግርማ እና ያኔት ስዩም፣ በ2021 ቶኪዮ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በ2024 ፓሪስ ሊና አለማየሁ፣ ሁሉም 50 ሜትር ዋኝተዋል። በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ገብቶ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ አስመዘገበ። ያን ጊዜ ስለ ሰውነቱ ቅርጽ ብዙ ተወራ፤ ያ ወሬ ለማንም አልጠቀመም። ለተማሪ የሚጠቅመው ሰዓቱ ነው። የዚያው ውድድር አሸናፊ የአውስትራሊያው ካይል ቻልመርስ ፍጻሜውን በ47.58 ሰከንድ ጨረሰ። ሮቤል በሰከንድ 1.54 ሜትር፣ ቻልመርስ 2.10 ሜትር ገደማ ተጉዘዋል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የውሃ መቋቋም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ያችን ግማሽ ሜትር ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። በውሃ ውስጥ መቸኮል ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

ቻልመርስ ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበር። 50 ሜትሩን ሲነካ ሰባተኛ ሆኖ ነው፤ ስድስት ሰው ቀድሞታል። አልደነገጠም። በሁለተኛው 50 ሌሎቹ ሲዝሉ እሱ የእጁን ርዝመት ሳያሳጥር መጥቶ ሁሉንም አለፈ። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ ደግሞ በፓሪስ 46.40 ሰከንድ በመዋኘት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ከመነሻው መርቷል፤ ክፍፍሉ ግን 22.28 እና 24.12 ነው። የሁለቱ ግማሾች ልዩነት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ላይ መጀመሪያው 50 ከመነሻው ዝላይ የሚያገኘው ትርፍ አለ። ምርጦቹ የሚዋኙት ሁለቱን ግማሾች አቀራርበው ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ያህል ጡንቻ በውስጡ ካጠራቀመው ይበላል። ከዚያ ስኳርን ኦክስጅን ሳይበቃው ማቃጠል ይጀምራል፤ ይህ ፈጣን ነው፣ ግን ጡንቻውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ክንድ የሚከብደውም ያኔ ነው። ጥረቱ ወደ አንድ ደቂቃ ሲጠጋ የትንፋሽ ድርሻ እያደገ ሄዶ ከጠቅላላው ጉልበት ቀላል የማይባለውን ክፍል ይሸፍናል። ስለዚህ በ50 ሜትር ውድድር ኃይል መቆጠብ ብሎ ነገር የለም፤ 100 ሜትር ግን በአየር የሚዋኝ ነው። መጀመሪያው 50 ላይ ትንፋሹን ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛው ላይ ይከፍላል። ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ በአፍና በአፍንጫ ማስወጣት፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀዘፋው መሳብ፣ ይህንንም ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። 50 ሜትርን በሙሉ ኃይሏ በ35 ሰከንድ የምትዋኝ ልጅ እንውሰድ። 100 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ለመጨረስ ብትፈልግ 36 እና 39 ብላ ትከፍለዋለች። አንድ ሰከንድ ብቻ ነው የቆጠበችው፤ ሆኖም ያቺ ሰከንድ የመጨረሻውን 25 ታድናለች። ሯጮች ፔስ የሚሉት ይኸው ነው፤ ፍጥነቱን በሰውነት ማወቅ። በልምምድ ይህ የሚገኘው አጭር ርቀትን በውድድሩ ፍጥነት እየደጋገሙ ነው። 25 ሜትርን በ19 ሰከንድ ስምንት ጊዜ፣ በመካከሉ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ እረፍት። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀዘፋውንም ትቁጠር። መጀመሪያው 25 ላይ 20 ከነበረና ስድስተኛው ላይ 23 ከደረሰ፣ እጇ ውሃ መያዙን ትቶ ማንሸራተት ጀምሯል፤ ልምምዱ እዚያ ላይ ይቁም። ደክሞ በተበላሸ ቀዘፋ መቀጠልን አንዳንድ ሰው ወኔ ይለዋል፤ ሰውነት ግን የሚማረው ያንኑ የተበላሸውን ነው። በሌላ ቀን 100 ሜትሩን ሰብሮ መዋኘት ይቻላል፤ 50 ዋኝቶ አሥር ሰከንድ አርፎ ሌላ 50። ከባድ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። የቀሩት ቀናት ረጋ ያለ 200 ሜትር እየደጋገሙ ገላን ቀጥ አድርጎ መንሳፈፍን የሚማሩባቸው ናቸው፤ ለጀማሪ ከሁሉ በላይ ሰዓት የሚቀንስለትም ይህ ነው።

መቻራ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ቡናዋን፣ አልፎ አልፎም እነ አቸሬንና አይናጌን፣ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቦረቦራቸውን ዋሻዎች ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,760 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱ ልብና ሳንባን ያጠነክራል፤ የትከሻንና የጀርባን ጡንቻም የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ምሰሶ ላይ አስሮ እንደ ቀዘፋ በመጎተት ማዘጋጀት ይቻላል። ውሃን መያዝ ግን የብስ ላይ አይለመድም። ለዚህ ገንዳ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዳማ ሲኬድ የሚገኘው የሆቴል ገንዳ ብዙ ጊዜ 25 ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሜትር ይለካ፤ ርዝመቱ ባልታወቀ ገንዳ የተያዘ ሰዓት ምንም አይናገርም። ወንዝና ኩሬ ውስጥ መለማመድን አልመክርም፤ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ቆላው ላይ አዞም አለ። ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ መቆየትንም ብቻን ፈጽሞ መሞከር አይገባም፤ ጎበዝ ዋናተኞች ሳይታወቃቸው ራሳቸውን ስተው ሞተዋል።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ከተሠራ በኋላ ሰው ሰዓት ይዞላት 100 ሜትሩን ትዋኝ፤ የሁለቱ ግማሾች ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ። መጀመሪያ ላይ 35 እና 44 ዋኝታ የነበረች ልጅ 36 እና 40 ከመጣች ሦስት ሰከንድ አትርፋለች። ልዩነቱ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲጠብ የመጀመሪያውን 50 በግማሽ ሰከንድ ታፍጥነው፤ የ25 ሜትሩም ልምምድ በዚያው ልክ ይፍጠን።