ሽንቁር ያለው ወይራ

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀል ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። በደን ባለሙያነቴ አንድ ደብር ስደርስ ዛፍ መቁጠር ከመጀመሬ በፊት ጆሮዬ የበቀቀን ጩኸት ይፈልጋል።

ክንፏ ሥር ጥቁር የሆነችው ይህች ትንሽ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የትም አትገኝም። ብቻዋን መዋል አትወድም። ስምንትም አሥርም ሆነው እየተንጫጩ፣ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ሾላ ላይ ሲያርፉ አረንጓዴ ላባቸው ከቅጠሉ ይመሳሰልና ይጠፋሉ፤ የሚያጋልጣቸው ከላይ የሚረግፈው የፍሬ ፍርፋሪ ነው። የወንዱም የሴቷም ምንቃር ቀይ ነው፤ ግንባሩም የቀላው ወንዱ ነው። የጽድ ፍሬም ይበላሉ።

ምግብ ቢሞላም ማደሪያ ካጣች ግን አትኖርም። በቀቀን ግንድ መሸንቆር አትችልም፤ ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደውን ወይም በስብሶ የተከፈተውን ሽንቁር ትፈልጋለች። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው፤ ሌሊቱንም የምታድረው እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ሽንቁር የሚገኘው ያረጀ ዛፍ ላይ ነው፤ ለበዓል ድግስ ማገዶ ሲታሰብ ደግሞ ቀድሞ መጥረቢያ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

«አባ፣ ይቺን ወይራ ለምን ይጥሏታል?» ብዬ አንድ አባት ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ውስጧ ባዶ ነው። ከእንግዲህ ምን ትሠራለች?»

እስኪመሽ አብረን ቆየን። በቀቀኖቹ እየጮኹ መጡና በዚያች ወይራ ሽንቁር አንድ በአንድ ገቡ። አባ ቆጠሯቸው። ወይራዋ አልተቆረጠችም።

ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር። ወደ ደኑ የሚገባ ከብት ቡቃያውን እንደሚያጠፋ አሳይቷል፤ በኋላም ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማጠር ተጀመረ። ለእኛም አካባቢ የሚበጅ ሥራ ነው፣ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሆኖም ዛሬ በካብ የዳነ የወይራ ችግኝ በቀቀን የሚያሳድር ሽንቁር እስኪያወጣ የልጅ ልጆቻችን ያረጃሉ። ባሕር ዛፉማ በለጋነቱ ስለሚቆረጥ ያን ዕድሜ አያገኝም። እስከዚያ ድረስ ወፎቹን የሚያቆያቸው አሁን የቆመው ሽማግሌ ዛፍ ነው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤዎች የምለው ይህን ነው፦ ባዶ የሆነውን ግንድ ተዉት። ቅርንጫፉ ወደ ጣሪያው ካዘነበለ ቅርንጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ማገዶውን ከባሕር ዛፉ ውሰዱ።