ቆርች፦ አበባው ይመጠጣል፣ ፍሬው አይቀመስም

በበጋ ከዳባትና ከደባርቅ ወረድ ሲሉ፣ በማሳ ዳርና በአጥር ጥግ ቅጠል የሌለው እሾሃማ ዛፍ ይታያል። «ደርቋል፣ ለማገዶ ይቆረጥ» ይባላል። አልደረቀም። ቆርች ነው፤ ልማዱ ቅጠሉን አራግፎ ማበብ ነው። ለማገዶማ እንጨቱ ልል ስለሆነ አይረባም። «ታዲያ ምን ይሠራል?» ለሚል፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል አቆጥቁጦ አጥር ይሆናል። እንደ ወገኖቹ እንደ ባቄላና ሽምብራም ሥሩ ናይትሮጅን እየያዘ አፈሩን ያዳብራል።

አበባውን እረኞች በደንብ ያውቁታል። ልጁ ከቀዩ ዘለላ አንዷን ነቀል ያደርግና ከሥሯ በኩል መጥጦ ይጥላታል። ምላስ ላይ የምትቀረው ጠብታ ቀጭን ናት፤ ማር የለመደ ሰው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይላታል። «የንብ ቀለብ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ንብ ትመጣለች፣ የአበባው ዋና እንግዳ ግን ወፍ ነው። ደማቁ ቅላት ወፍን ይጠራል፤ ቀጭኑ ወለላም ለወፍ መጠጥ ይመቻል። በስሜን ተራሮች ከሚኖሩት ቆልማማ መንቆር ካላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች አንዷ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ከተከዜ ነው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ተረት የፍሬው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የቆርችን ዘመድ «ቋራ» ብሎ ከነሥዕሉ አወጣው። ጥቁር ነጥብ ያለባት ቀይ ፍሬው ወርቅ መመዘኛ እንደነበረች፣ «ካራት» የሚለው ቃልም ከእሷ እንደመጣ ጻፈ። እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ። ቃሉ ግን በዐረብኛው «ቂራጥ» በኩል ከግሪክኛው «ኬራቲዮን» የመጣ ነው። ትርጉሙ «ትንሽ ቀንድ» ሲሆን፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻው የካሮብ ዛፍ ፍሬ መጠሪያ ነበር። የብሩስ ስም ግን ዛፉ ላይ ቀርቷል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅለው ቆርች በሳይንስ ኤሪትሪና ብሩሴይ ይባላል።

«አበባው ካልጎዳ ፍሬው ምን ያደርጋል?» የሚለው እምነት ግን እንደ ካራቱ ታሪክ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የቆርችና የቅርብ ዘመዶቹ ፍሬ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ሳይታኘክ ከተዋጠ ጠንካራው ቅርፊት መርዙን እንደያዘ ሊያልፍ ይችላል። የታኘከ፣ የተወቀጠ ወይም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ከሆነ ግን ያ መከታ የለም። ፍሬውን ያኘከ ልጅ እስኪያመው አይጠበቅም፤ የተረፈውን ፍሬ ለማሳየት ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።