ልጅዎ «ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ» ብትልዎ

እርስዎ የአቃቂ እናት፣ ልጅዎ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ «ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ» ብትልዎ፣ «ከማሽን ጋር ልትታገዪ ነው?» ብለው አይቆጧት። ሙያው ማሽን ከመጠገን ይልቅ ሥራውን ራሱን ይመረምራል። በስፌት ፋብሪካ ሠርተው ከሆነ ነገሩን ያውቁታል፤ እጅጌ የምትገጥመው ሥራ ሲቆለልባት፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ይህን የሚያስተካክለው የዚህ ሙያ ሰው ነው።

በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ በባንክ መስኮት፣ በአየር መንገድ ጥገና፣ በመጋዘንና በጭነት ስምሪትም ጥያቄው ያው ነው። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካይዘን ኢንስቲትዩት ለሠራተኛው «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» እያለ ያስተማረውም ከዚሁ ሙያ የራቀ አይደለም። (ጓዳዎን ለበዓል ሲያሰናዱ የሚያደርጉት አይደለምን?)

«ለሴት አይሆንም» የሚልዎ ካለ ስለ ሊሊያን ጊልብሬዝ ይንገሩት። አሜሪካዊቷ የ12 ልጆች እናት በ1924 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞት፣ ከሴት መሐንዲስ ጋር አንሠራም ያሉ ደንበኞች ሸሿት። እሷም ፊቷን ወደ ወጥ ቤት አዞረች፤ ምድጃው፣ መታጠቢያውና ጠረጴዛው ተቀራርበው የሴቲቱ እርምጃ እንዲቀንስ አጠናች። ያም ጥናት እንጀራ ሆናት።

ሥራ ስትፈልግ ግን አንድ ነገር ያስጠንቅቋት። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሙያው ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ «የምርት ዕቅድ»፣ «የጥራት ቁጥጥር»፣ «ግዥና አቅርቦት» እየተባለ ነው የሚወጣው። ስሙን ብቻ የምትፈልግ ልጅ ቤት ትውላለች። ለልምምድ ፋብሪካ ስትመደብም ቢሮ ተቀምጣ ደብዳቤ ከምትጽፍ፣ ሠራተኞቹ መሐል እንድትውል ይምከሯት።