ስለ አውሮፕላን ሞተር ፓተንት የተነሣ ክርክር

የፓተንት ክርክር የጠበቆች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ነጋዴዎች አሉ፤ ዳሩ ግን በአሜሪካ ሕግ ፓተንት ያለበትን ዕቃ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ፈጠራው ለሙያው ዐዋቂ አስቀድሞ ግልጽ ከነበረ ግን ፓተንቱ ይፈርሳል።

ሬይቴዎን የተባለው ኩባንያ ከግዝፈቱ አንጻር ብዙ ኃይል ለሚሰጥ ባለ ማርሽ የአውሮፕላን ሞተር የያዘውን ፓተንት፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ የናሳ ጽሑፍ ጠቅሶ ተቃወመ፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱም ችሎት ተቃውሞውን ተቀበለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ሻረ። በጽሑፉ የታሰበው ሞተር ሁለንተናው ኮምፖዚት ከተባለ ድብልቅ ቁስ የሚሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቁስ ግን አልተገኘም። ሞተሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይበር ነበር ማለት ነው። ተቃዋሚውም ባለሙያ እንዴት ሊሠራው ይችል እንደ ነበር በበቂ አላስረዳም።