ሣር መስሎ የሚያታልለው እንግጫ፦ በጓሮአችን እንዴት እንለየዋለን?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳዩ አረም ነውና። ነገር ግን እዚህ ሐደራ ከአረጋውያን ወላጆቻችን ጋር ስንሠራ አንድ አረም የሰው ልብ እንዴት እንደሚሰብር ስላየን፣ የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰፈር ለአረጋውያን የጋራ አትክልት ቦታ ተከፍቶ ነበር። ከደንቢያ የመጡ አንዲት እናት ሽንኩርት፣ ጎመንና በሶብላ ተክለው ጠዋት ጠዋት መጥተው ይኮተኩቱ ነበር። ሙቀቱ ሲጀምር በመደባቸው ላይ ሣር የመሰለ ነገር ፈላ። እኛም ልንረዳቸው አስበን የሞተር ማረሻ አስመጣን። እርሳቸው ግን "ልጆቼ፣ ይኼ ሣር አይደለም፣ እንግጫ ነው። አትክተፉት፣ ፈልፍላችሁ አውጡት" አሉን። አልሰማናቸውም። በአንድ ቀን መሬቱ ንጹሕ ሆነ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከበፊቱ በዝቶ ሽንኩርቱን ዋጠው። እናታችን የበሩን ቁልፍ መለሱልን። "እዚህ አገር እንኳን ሰው፣ መሬቱም አልሰማኝም" አሉ።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ስለዚህ ስለ ተክሉ መጠየቅና መማር ጀመርን።

ሣር ነው ወይስ እንግጫ?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እንግጫ፣ ግጫ፣ ቄጠማ የሚሉት ስሞች በየአገሩ ይለያያሉ፤ አንዱ ግጫ የሚለውን ሌላው ቄጠማ ይለዋል። እኛ የምንናገርለት ተክል በሳይንስ ስሙ ሳይፐረስ ሮተንደስ፣ በዕብራይስጥ ጎሜ ሃፕቃዒም የሚባለው ነው።

ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም፣ ጣት ያስፈልጋል። አበባ የሚሸከመውን አገዳ በሁለት ጣቶቻችሁ መካከል አሽከርክሩት። የሣር አገዳ ክብ ስለሆነ በቀላሉ ይሽከረከራል፣ አንጓም አለው። የእንግጫ አገዳ ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጠርዙ ጣታችሁን ይይዛል፣ አንጓም የለውም። ቅጠሎቹም ከሥሩ ተነሥተው በሦስት አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ የሣር ቅጠል ግን በሁለት ወገን ነው። የእንግጫው ቅጠል ደማቅ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ አበባው ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው።

ብዙ ሰው ከሰርዶ ጋር ያምታታዋል። ሰርዶ፣ እዚህ ያብሊት የሚባለው፣ በአፈር ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። እንግጫ ግን የሚሳበው በአፈር ውስጥ ነው፤ ላያችን ላይ የምናየው ችግሩን ሳይሆን ጫፉን ነው።

ከመሬት በታች ያለው

አንዱን በጥንቃቄ ብትቆፍሩት ሽምብራ ወይም ባቄላ የሚያካክሉ ጠቆር ያሉ ጠንካራ እንክብሎች ታገኛላችሁ። ሲቆረጡ ጠንከር ያለ ሽታ አላቸው። እንክብሎቹ በቀጭን ገመድ እንደ ዶቃ ተያይዘዋል። አብዛኞቹ የሚገኙት ከላይ ባለው የአንድ ስንዝር ያህል አፈር ውስጥ ነው። ተክሉ በዘር የሚራባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚስፋፋው በእነዚህ እንክብሎች ነው።

እናታችን "አትክተፉት" ያሉበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ገመዱ ሳይቆረጥ ሲቀር ጫፍ ላይ ያለው እንክብል ይበቅልና ሌሎቹን ተኝተው እንዲቆዩ ያደርጋቸዋል። ማረሻው ሲበጣጥሰው ግን እያንዳንዱ እንክብል ብቻውን ይቀርና ራሱን ችሎ ይነቃል። እኛ አሥሩን አጠፋን ስንል የተኙትን ሁሉ ቀስቅሰናቸው ነበር። ቅጠሉን ብቻ ይዞ መንጨትም ያው ነው፤ እንክብሉ አፈር ውስጥ ቀርቶ እንደገና ያበቅላል።

በእርግጥ ይህ ተክል ያስቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ስለ ዓለም ክፉ አረሞች የሚናገር ታዋቂ መጽሐፍ በመጀመሪያው ረድፍ ያስቀመጠው ይህንኑ ተክል ነው። በፎገራ ሜዳም ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች እንዲህ ዓይነት ውሃና እርጥበት የሚወዱ የእንግጫ ዘሮችን በእጃቸው እያረሙ ይታገላሉ።

ዘመዶቹ

ሁሉም የእንግጫ ዘመድ ጠላት አይደለም። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚህ ወገን ነው። የሙሴ እናት ሕፃኑን ያስቀመጠችበት ሣጥንም በዕብራይስጥ የተሠራበት ነገር ጎሜ ይባላል፤ ያው ስም ነው። በዚህ አገር ደንገል በሁላ ሸለቆ ይበቅላል። በቡና ጊዜ ቤት ውስጥ የምንጎዘጉዘው ቄጠማም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በጎጃም ደግሞ አዲስ ዓመት ሲቃረብ የእንግጫ ነቀላ የሚባል የወጣቶች ባህል አለ። ሌላው ወንድሙ ቢጫ አበባ ያለውና ጣፋጭ እንክብል የሚያፈራው ነው፤ እርሱ በጥንት ግብፅ ይበላ ነበር፣ ዛሬም በስፔን መጠጥ ይሠራበታል። ነገር ግን ከሕዝብ መናፈሻ የተቆፈረ ነገር መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል ልጆች እንዳይቀምሱ አደራ እንላለን።

ሐደራም ብትሆን ለእርጥበት ወዳጆች እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1891 ስትመሠረት አካባቢው ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፣ እኛም በአገር ቤት በደንብ የምናውቀው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ዛሬ ረግረጉ የለም፤ እንግጫውን በበጋ የሚያኖረው በአብዛኛው የእኛው የጠብታ መስኖ ነው።

ይህን ልብ እንበል። በኢትዮጵያ ሰኔና ሐምሌ የዝናብ ወቅት ነው፤ እዚህ ግን ያ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። እንግጫ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በብርዱ ላዩ ይጠወልጋል፣ የሞተ ይመስላል። እንክብሉ ግን ተኝቶ ሙቀቱን ይጠብቃል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገና ለጋ ሳለ፣ ከአምስትና ስድስት ቅጠል ሳያልፍ እናውጣው። በዚህ ጊዜ አዲስ እንክብል ገና አልሠራም። በሙቀቱ ወራት በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ መመለስ ያስፈልጋል። እንክብሉ ደጋግሞ ባበቀለ ቁጥር ስንቁን ይጨርሳል።

ሁለተኛ፣ የቆየውን አፈሩን አርጥበን፣ በመኮትኮቻ ጎን ለጎን ፈልፍለን፣ ገመዱን ተከትለን ከነእንክብሉ እናውጣ። ያወጣነውን በፌስታል አሥረን እንጣል እንጂ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ አንጨምረው።

ሦስተኛ፣ መደቡ ባዶ ከሆነ በበጋ ውሃውን እንዝጋ፣ አፈሩን ገልብጠን ለፀሐይ እናስጣው። ከላይ ወጥቶ ለብዙ ቀናት የደረቀ እንክብል ይሞታል። ከዚያ በፊት ውሃ ከነካው ግን ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው።

አራተኛ፣ ጥላ አይወድም። ስኳር ድንችና ዱባ መሬቱን ስለሚሸፍኑ ያዳክሙታል። ጥቁር ፕላስቲክ ማንጠፍ ግን አይበቃም፤ ሹል ጫፉ ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል። እርጥብ አፈርን በበጋ በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማሞቅን ፕሮፌሰር ያዕቆብ ካታንና ባልደረቦቻቸው በዚሁ አገር እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አሳውቀዋል። ብዙ አረምና የአፈር በሽታ ያጠፋል፤ እንግጫን ግን ሊያዳክመው ይችላል እንጂ ብቻውን አይነቅለውም።

አምስተኛ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈርና ከችግኝ ቤት የተገዛ ማሰሮ እንመርምር፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። መድኃኒት መርጨትን በተመለከተ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ በደንብ ሳያነቡ ማንም አይሞክር።

በመጨረሻም ወደ እናታችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። "እማማ፣ መጥተው ያስተምሩን" አልናቸው። ወዲያው እሺ አላሉም፤ ቡና አፍልተው ሌላ ሌላ ሲያወሩን ዋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወንበር ይዘው መጡ፤ ወጣቶቹ ሲቆፍሩ እርሳቸው በከዘራቸው እያመለከቱ "እዚያ ጋ አንድ ቀርቷል" ይሉ ነበር። እንግጫው እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ሽንኩርቱ ግን ደርሷል።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ በጓሮአችሁ ይህ ተክል ሲበቅል ማረሻ ከመጥራታችሁ በፊት አንዱን ንቀሉና ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ አሳዩአቸው። ዕብራይስጥ ባይሞላላቸውም አፈሩን ያውቁታል። ቸር ይግጠመን።