ሩጫ ብቻ አይበቃም፣ ዕረፍትም አለ

ረቡዕ ጧት ነው። ሰዓቱ 11 ተኩል ይላል። ለቡ መብራት ኃይል ገና አልነጋም። የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ማለት አልጀመሩም። በአስፋልቱ ዳር ሦስት ሴቶች ፈጠን ፈጠን እያሉ ይራመዳሉ። ሁለቱ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረዋል። ሦስተኛዋ የልጃቸውን ስኒከር ተጫምተዋል። ወደ ሥራ አይደለም የሚሄዱት። ወደ ገበያም አይደለም። ለጤናቸው ነው የሚራመዱት።

ስኒከር ያደረጉት ሴትዮ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸው 47 ዓመት ነው። «ስሜን እንዳትጽፍ ልጄ፣ የሰፈር ሰው ይስቅብኛል» ስላሉኝ አልጻፍኩም። በሳምንት ስድስት ቀን ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው ይውላሉ። ማታ ደግሞ እንጀራ መጋገር አለ፤ ልብስ ማጠብ አለ፤ የልጆች ጣጣ አለ። የዛሬ ዓመት ሐኪም መረመራቸው። «ደም ግፊት አለብዎት። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ጨው ይቀንሱ፤ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» አላቸው።

«እኔ ደግሞ ስፈራ አበዛለሁ» አሉኝ። «በማግሥቱ ተነሥቼ እስከ ጀሞ ሮጥኩ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን ሮጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴ አበጠ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሁለት ወር ሙሉ ተውኩት። ግፊቱ ግን እዚያው እንዳለ ነበር።»

ለመሆኑ የሴትዮዋን ጉልበት ምን ጎዳው? መሮጣቸው ነው እንዳንል፣ ሌላው ሰው ሮጦ ደኅና ይገባል። የጎዳቸው በመካከሉ አለማረፋቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት አይደለም። ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ በዓይን የማይታይ ትንንሽ ጉዳት ይደርስበታል። ኋላ ስናርፍ፣ ስንበላና ስንተኛ ሰውነት ያንን ጉዳት ይጠግናል። ሲጠግነውም ከበፊቱ ትንሽ ያጠነክረዋል። ይህ ማገገም ይባላል። ማገገም ማለት ከበሽታ መዳን ብቻ አይደለም፤ ከድካም ተመልሶ መበርታትም ማገገም ነው። ጊዜ ይፈልጋል። ሥራ ያልለመደ ሰው ሕመሙ በማግሥቱና በሠልስቱ የሚብስበት ጥገናው ገና ስላላለቀ ነው።

ጭቃ ቤት የመረገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተጨመረበት ሁለቱም ይወርዳሉ። በዚያ ላይ ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ይዘገያሉ። ሴትዮዋን ያታለላቸው ይኸው ነው። ትንፋሻቸው «እችላለሁ» ሲል ጉልበታቸው ገና አልደረሰም ነበር።

ስመ ጥሩ ሯጮቻችንስ? እነሱም በየቀኑ አይፋለሙም። በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ የሚለማመዱት አትሌቶች አንድ ቀን ከባድ ልምምድ ከሠሩ በማግሥቱ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ እየተጨዋወቱ ማለት ነው። ከልምምድ መልስ በልተው ቀን ላይ የሚተኙም ብዙ ናቸው። ይህን ያየ ሰው ስንፍና ሊለው ይችላል። ለእነሱ ግን እንቅልፉም የሥራው ክፍል ነው።

አበበ ቢቂላን እናንሣ። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ ድሉን ደገመ። ከመጨረሻው መስመር ካለፈ በኋላ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሕዝቡ በጣም ተደነቀ። ከዚያ ውድድር አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን አስወጥቶ ነበር። (ይህን ሰምቶ ከኦፕራሲዮን አልጋ ተነሥቶ የሚሮጥ እንዳይኖር! አበበ የብዙ ዓመት ልምምድ ነበረው፤ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነንም አብሮት ነበር።)

ደራርቱ ቱሉም አለች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ሁለተኛውን የ10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1993 ዓ.ም. መስከረም፣ በሲድኒ ነው። በመካከሉ ጉዳት ደርሶባታል፤ ልጅም ወልዳለች። ቸኩላ ቢሆን ኖሮ ሲድኒ አትደርስም ነበር ብዬ አስባለሁ።

«እኔ አትሌት አይደለሁም፤ ጊዜም የለኝም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ይላል። መጠነኛ ማለት ምን ማለት ነው? እየተራመዱ ማውራት ይቻላል፤ መዝፈን ግን ያቅታል። ደቂቃው በአንድ ጊዜ ይለቅ አልተባለም፤ ተቆራርጦም ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ድንጋይ ሲሸከም ለዋለ ወጣት ግን ሩጫ አልመክርም። እሱ የሚያስፈልገው ምግብና እንቅልፍ ነው። ተቀምጦ የሚውለው ሾፌር፣ ጸሐፊና ልብስ ሰፊ ነው መነሣት ያለበት።

ሴትዮዋ አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጎረቤቶቻቸው ጋር 40 ደቂቃ ይራመዳሉ። ሦስት ጊዜ 40፣ 120 ይሆናል። ማክሰኞና ሐሙስ ጧት አይወጡም። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ግን ከታክሲ ቀደም ብለው ወርደው 15 ደቂቃ ቀስ እያሉ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ይኸው 150 ሞላ። «ቅዳሜ ዘንቢሉ ይበቃኛል» አሉ እየሳቁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፤ ያርፋሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ዳገት አይወጡም። በምሳ ሰዓት ሽሮ ወይም ምስር አይቀርባቸውም፤ ጡንቻን የሚጠግነው እንዲህ ያለው ምግብ ነው።

«ስንፍና ሲመጣስ፣ እትዬ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንዷ የሌላዋን በር ታንኳኳለች። በር ሲንኳኳ እያፈርክ ትነሣለህ» አሉኝ። ቀጥለው ከቦርሳቸው የልጃቸውን አሮጌ ደብተር አወጡ። በየቀኑ አንድ መስመር ጽፈዋል። «ሄድኩ። ጉልበቴ ደኅና።» «ሄድኩ። ትንሽ አመመኝ።» «አልሄድኩም።» አንድ ቦታ ላይ «አልሄድኩም» አራት ጊዜ ተከታትሎ አየሁ።

«ልጄ ታሞብኝ ነው» አሉ። «ፊት ቢሆን የቀረውን ሁሉ በአንድ ቀን ልክፈል እል ነበር። አሁን ዕዳ አይደለም ብዬ ከቆምኩበት ቀጠልኩ።»

አንድ ነገር ይታወስ። ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም እንደ ልማዱ መተንፈስ ያቃተው ሰው ወዲያው ቆሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መገጣጠሚያው ያበጠም እስኪታይ ይረፍ። የግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይተውም። በጨለማ የሚወጣ ሰው ነጭ ቢለብስ ሾፌር ያየዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃውን ሸሽቶ አስፋልት መሐል መግባት አደገኛ ነው።

ባለፈው ወር ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ። ትንሽ ወርዷል። መድኃኒቱ ግን ይቀጥል ተባለ። «ቅር አላለኝም፤ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ» አሉኝ።

ይህን ሲነግሩኝ ነግቶ ነበር። ታክሲዎቹ መጥራት ጀምረዋል። ሴትዮዋ ስኒከሩን በፌስታል ቋጥረው ጫማ ቀየሩ። ነገም መጥቼ ልከተላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ነገማ ሐሙስ ነው» አሉኝ። «ተኛ። እኛም አንወጣም።»