ቢሊዮን ስንት ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በሬዲዮና በጋዜጣ «ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ይህን ያህል ቢሊዮን» ሲባል ሁለቱን ቃላት እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም ቈጥረዋቸው እንደ ሆነ ተሳስተዋል። እስቲ በየሰከንዱ አንድ ቍጥር እየጠሩ፣ ሳይበሉና ሳይተኙ ይቍጠሩ። አንድ ሚሊዮን የሚደርሱት በ11 ቀን ተኩል ነው። አንድ ቢሊዮን ለመድረስ ግን 31 ዓመት ከ8 ወር ይፈጃል። በ20 ዓመቱ ተቀጥሮ በዚያው ቀን መቍጠር የጀመረ ጸሐፊ ሲጨርስ 52 ዓመት ሊሞላው ይቃረባል፤ ደግነቱ ለጡረታው ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል።

ነገሩ በጆሮ አልገባ ካለ በዓይን እንየው። አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው የማርያ ትሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሚሊዮኑ 280 ኩንታል ነው። ለአንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ብንጭን 280 በቅሎ ይበቃል፤ ብዙ ነው፣ ግን ሰው ሊያየው የሚችል ጓዝ ነው። ለቢሊዮን ግን 280 ሺህ በቅሎ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሜትር ቦታ ሰጥተን ከደብረ ማርቆስ ብናሰልፋቸው፣ መሪው የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ 540 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሰልፍ ገና ከደብረ ማርቆስ አልተነሣም።

ስለ ዓባይ በረሃ ካነሣን፣ ከደጀን ወርደው የሚሻገሩት አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ስጦታ የተሠራ ነው። ስጦታና ብድር በጋዜጣ ርእስ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ወለድ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ነው።

እንዲህ ያለው ቀን ለአገራችን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደረሰ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በውጭ ገበያ ዩሮቦንድ የተባለውን የብድር ሰነድ ሸጦ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ ነበር። ወለዱ በዓመት ከመቶ 6.625 ነው። እርሳስ ያንሡና ያስሉት፤ በዓመት 66 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይኸውም እርስዎ ቢተኙም ቢነሡም በየሰከንዱ ከሁለት ዶላር በላይ ነው። የዓመቱ እኩሌታ 33 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ሲገባ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት አበዳሪዎቹን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው ሲል ገለጠ፤ የዓለም ገበያ ግን ስሙን «ዕዳ አለመክፈል» ብሎ መዘገበው።

ጠቅላላው የውጭ ዕዳ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያንን በሰከንድ የሚቈጥር ሰው ዛሬ ለመጨረስ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን አስቀድሞ መጀመር ነበረበት። ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ ቢከፋፈል ስድስት ነፍስ ላለበት ቤተ ሰብ 1,400 ዶላር ይደርሰዋል። በርግጥ ይህን ሒሳብ ይዞ ደጅዎን የሚያንኳኳ የለም፤ መንግሥትም እንደ ሰው ስለማይሞት አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ብድር ሊተካ ይችላል። ችግሩ የዶላር ዕዳ የሚከፈለው በዶላር መሆኑ ነው። የጎጃም ጤፍ አዲስ አበባን ይመግባል እንጂ እንደ ቡናና እንደ ወርቅ ዶላር አያመጣም።

አሁን ልብ ይበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተፈቀደ። በዋዜማው አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዚያ ቤተ ሰብ ድርሻ በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ከ80 ሺህ ብር ወደ 140 ሺህ ብር ተሻገረ።

እርስዎ ግን ባለ ዕዳ ብቻ አይደሉም፤ አበዳሪም ይሆናሉ። የሕዳሴው ግድብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ስንት የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዙን ቦንድ ገዛበት! ያን ጊዜ አንድ ዶላር 17 ብር ያህል ነበር፤ ስለዚህ የ1,700 ብር ቦንድ የገዛ ሠራተኛ ለመንግሥት ያበደረው 100 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ነው። ቦንዱን እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይመነዝር ያቆየ እንደ ሆነ፣ ወለዱ ሳይቈጠር፣ ያው 1,700 ብር 17 ዶላር እንኳ አይሞላም። የውጭው አበዳሪ መቶ ዶላር ግን ያው መቶ ዶላር ነው።